ለአንድ ስካነር ሲባል ክፍቱን የሚያድር ሰርቨር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች አቅማቸው በፈቀደ መጠን ኮምፒውተሮቻቸውን እየቀየሩ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ኬብሉ ተሰክቶ፣ የአማርኛ መጻፊያው ተጭኖ ሲያበቃ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጎድላል። ትናንት ይከፈት የነበረው የጋራ ፎልደር ዛሬ አይከፈትም፣ ወይም በፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስካን የተደረገው ሰነድ የመሥሪያ ቤቱን ፋይሎች የሚይዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ጋ አይደርስም። ባለጉዳዩም በመስኮቱ ፊት ቆሞ የለመደውን መልስ ይሰማል፦ «ሲስተም የለም»።

በዚያው ሰሞን አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት ሁለት ፍላሽ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ሁለቱም 32 ጊጋባይት ናቸው፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ ሁለቱም ግን 11 ጊጋባይት የሆነውን የሙሽሮቹን ቪዲዮ አንቀበልም ብለዋል። የመጀመሪያው እምቢ ሲለው ፎርጅድ የሸጡለት መስሎት ከባለ ሱቁ ጋር ተጨቃጨቀ፤ ሁለተኛውን ከሌላ ሱቅ ገዛና ያንኑ መልስ አገኘ። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው መልእክት ፋይሉ ለመድረሻው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ ለሚደራጁበት ሥርዓት) እጅግ ትልቅ መሆኑን ይናገራል እንጂ፣ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ላይ 11 ጊጋባይት የማይገባበትን ምክንያት አይናገርም።

ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙ አይመስሉም፤ አንደኛው ከፋይል መጠን፣ ሌላኛው ከማሽን ዕድሜ የመጣ ነው። በዚህ የኮምፒውተር ሥራ ላይ ስቆይ የተረዳሁት ግን ሁለቱም የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ መሆናቸውን ነው። ከ30 እና ከ40 ዓመታት በፊት መሐንዲሶች ለዘመናቸው የሚበቃ ልክ አስቀመጡ፤ ልኩ በዘመኑ ሰፊ ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ግን ልኩ በመሣሪያዎቻችን ውስጥ ቀረ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ይህን የቆየ ልክ ማን ይሸከመው የሚል ነው፤ የቆየው መሣሪያ ብቻውን ነው ወይስ ከእርሱ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለው ሁሉ? እስካሁን በአብዛኛው ሁሉም እንዲሸከመው እየተደረገ ነው፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የመጠን ገደቡን እንመልከት። ፋይል በዲስክ ላይ ሲቀመጥ ከስሙ ጎን መጠኑ ይመዘገባል። ይህን ከደመወዝ መክፈያ ቅጽ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ለደመወዝ አራት ሳጥን ብቻ ከተወ፣ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 9,999 ነው። አሥር ሺህ ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ሲመጣ ካዝናው ውስጥ ገንዘብ አለ፣ ወረቀቱም አላለቀም፤ የጠፋው ቁጥሩ የሚጻፍበት ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ 95 ማሻሻያ ጋር የወጣው ፋት32 የተባለው ፋይል ሲስተም ለፋይል መጠን የተወው 32 ቢት፣ ማለትም እያንዳንዱ 0 ወይም 1 ብቻ የሚጻፍበት 32 ሳጥን ነው። በ32 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ስለሆነ፣ ፋት32 ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት አንድ ባይት ጎደሎ በላይ ሊሆን አይችልም። በዚያን ጊዜ የአንድ የቤት ኮምፒውተር ሙሉ ሃርድ ዲስክ ከ1 ወይም ከ2 ጊጋባይት ብዙም አያልፍም ነበርና፣ ከዲስኩ የሚበልጥ ፋይል ይመጣል ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም፤ ሊወቀስም አይገባም።

ዛሬ 4ኬ ቪዲዮ የሚቀርጽ ካሜራ ይህን ልክ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላዋል። ብዙ ካሜራዎች ካርዱ ፋት32 መሆኑን አውቀው ቪዲዮውን ራሳቸው 4 ጊጋባይት አካባቢ እየቆረጡ በተከታታይ ፋይሎች ያስቀምጣሉ፤ ባለሙያውም ኮምፒውተር ላይ መልሶ ይቀጥላቸዋል። የተቀጠለው ሥራ ወደ ደንበኛው ሊሄድ ሲል ነው ያንኑ ግድግዳ እንደገና የሚገጨው።

መፍትሔው ለፍላሽ ቀላል ይመስላል። ኤክስፋት የተባለው ፋይል ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህን ገደብ ለማንሳት ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ የተባለው ሌላው ደግሞ ከ1993 ጀምሮ አለ። የወጣቱን ፍላሽ በኤክስፋት ፎርማት ሳደርገው 11ዱ ጊጋባይት ገባ። ሆኖም የሙሽራው ቤተሰብ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን አያነብም ነበርና ፍላሹ በማግሥቱ ተመለሰ። በመጨረሻ የተስማማነው ፍላሹን ወደ ፋት32 መልሶ ቪዲዮውን ሰርግ፣ መልስና ቅልቅል ብሎ ለሦስት መክፈል ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ከ4 ጊጋባይት አነሰ፣ ቤተሰቡም የሚፈልገውን ክፍል ለይቶ ማየት ቻለ። ይህን የማነሳው የገደቡን ባሕርይ ስለሚያሳይ ነው። ላኪው፣ ዕቃውና ተቀባዩ የተለያየ ልክ ሲኖራቸው የሚገዛው ከሁሉም ያነሰው ልክ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያዎች ጭምር የሚያቀላቅሉትን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ለብዙ ዓመታት ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነን ዲስክ በፋት32 ፎርማት አላደርግም ይል ነበር፤ ይህ ግን የፎርማት ማድረጊያው ፕሮግራም ገደብ እንጂ የፋይል ሲስተሙ ገደብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ማይክሮሶፍት ይህን ልክ በትዕዛዝ መስመር በኩል እስከ 2 ቴራባይት ከፍ ማድረጉን በሙከራ እትም ላይ ሲያስታውቅ፣ የፋይሉ መጠን ገደብም የተነሳ የመሰላቸው ነበሩ። አልተነሳም። የዲስኩ ስፋት ቢጨምርም የፋይሉ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ያው 32 ቢት ነው።

ነገሩ ወደ ኔትወርክ ሲሻገር የገደቡ ቦታ ይበዛል። ፋይል ሰርቨር ላይ ፋይል ስናስቀምጥ የፋይሉን መጠንና የምንጽፍበትን ነጥብ የሚናገረው ዲስኩ ብቻ ሳይሆን ሁለቱ ማሽኖች የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ፕሮቶኮሉ፣ ጭምር ነው። በዊንዶውስ ዓለም የተስፋፋው ኤስኤምቢ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአይቢኤም ሲነደፍ በፋይል ውስጥ ያለውን ቦታ የሚያመለክተው በ32 ቢት ነበር፤ 64 ቢት የሚችሉ ትዕዛዞች በኋላ ተጨመሩለት። በዩኒክስ ዓለም የነበረው ኤንኤፍኤስ ሁለተኛ እትምም እንዲሁ በ32 ቢት የተወሰነ ሲሆን፣ ከ32ቱ ቢት አንዱን ለመደመርና መቀነስ ምልክት በሚይዙ ሲስተሞች ላይ ልኩ በግማሽ ወርዶ 2 ጊጋባይት ይሆናል። ሦስተኛው የኤንኤፍኤስ እትም እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሁለተኛው የኤስኤምቢ እትም ደግሞ በ2006 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ወጥተው 64 ቢት መደበኛ ሆነ። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ያለው ዲስክ ኤክስት4 በተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ተዘጋጅቶ አንድ ፋይል እስከ 16 ቴራባይት መያዝ ቢችልም፣ የሚያናግረው አሮጌ መሣሪያ ፕሮቶኮሉን በድሮው መልክ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ 2 ወይም 4 ጊጋባይት ላይ ይቆማል። ፋይልን በድረ ገጽ መንገድ በሚያስተላልፈው በዌብዳቭ በኩል የሚሠራ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ገደብ ይገጥመዋል፤ ዊንዶውስ ውስጥ ዌብዳቭን የሚጠቀመው ክፍል ቅንብሩ ካልተቀየረ በስተቀር ከ50,000,000 ባይት በላይ የሆነ ፋይል አያወርድም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ገደቡ በዝምታ ሲሠራ ነው። ሰው ፋይል ጎትቶ ሲያስቀምጥ ዊንዶውስ መጠኑን አስቀድሞ አይቶ ያስጠነቅቃል፤ ሰውየውም ቢያንስ እንዳልተቀመጠ ያውቃል። ባክአፕ የሚሠራ ፕሮግራም ግን ፋይሉን እየጻፈ ስለሚሄድ ግድግዳውን የሚገጨው መንገድ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን በየማታው ወደ ራውተሩ ባክአፕ ያደርግ ነበር፤ ራውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው ላይ በፋት32 የተዘጋጀ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተሰክቷል። መዝገቡ ትንሽ ሳለ ሁሉም ደህና ነበር። መዝገቡ አድጎ የባክአፑ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲያልፍ ፕሮግራሙ ስህተቱን ማንም በማይከፍተው የምዝግብ ፋይል ውስጥ ጽፎ አለፈ። ዲስኩን ከፍቼ ሳይ ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ የተፈጠሩ ፋይሎች ተደርድረዋል፤ የሁሉም መጠን እኩል ነው፣ 4,294,967,295 ባይት። ያ ቁጥር በተከታታይ መስመሮች ሲደገም ማየት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ደረቱ ላይ ይሰማዋል፤ አንዱም ወደ መዝገብነት ሊመለስ አይችልም ነበር። ነጋዴው ኮምፒውተሩ ባይበላሽበት ኖሮ ስምንተኛውንም ወር በዚያው እምነት ይቀጥል ነበር።

ያ ራውተር ሌላም ነገር ነበረው። ፋይሎቹን ለኔትወርኩ የሚያቀርበው በኤስኤምቢ የመጀመሪያ እትም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሱቁ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባለት ዲስኩን ማየት ራሱ አልቻለም። የመጠን ገደቡና የቆየው ፕሮቶኮል በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተገናኝተው ነበር፤ ይህም ወደ ሁለተኛውና ወደ ከባዱ ጉዳይ ያመጣናል።

ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን እትም ማይክሮሶፍት ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ ጊዜው ያለፈበት ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ የሰርቨር ክፍሉ በአዲስ ጭነት ላይ አብሮ አይመጣም። በሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፋይል አገልግሎት የሚሰጠው ሳምባም በ2019 በወጣው 4.11 እትሙ ኤስኤምቢ 1ን ካልተፈቀደለት በስተቀር እንዳይሠራ አድርጎ ዘጋው። ምክንያቱ የፍጥነት ወይም የዘመናዊነት ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ማይክሮሶፍት በኤስኤምቢ 1 የሰርቨር ኮድ ላይ የተገኘ ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን ማስተካከያ አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሜይ 12 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ተሰራጨ። ፓስወርድ አላስፈለገውም፤ ሰው ኢሜይል እንዲከፍትለትም አልጠበቀም። አንድ የተያዘ ኮምፒውተር በኔትወርኩ ላይ ያሉትን ሌሎች ራሱ እያንኳኳ፣ ኤስኤምቢ 1 ክፍት ሆኖ ማስተካከያው ያልተጫነበትን ሲያገኝ ይገባ ነበር። ከ150 በላይ አገሮች ተጎዱ፤ በእንግሊዝ ከ19,000 በላይ የሕክምና ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ይገመታል። በቀጣዩ ወር የመጣው ኖትፔትያም ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ይህንኑ ቀዳዳ ተጠቅሟል። ከጅቡቲ ወደብ በሚመጡ ኮንቴይነሮች ላይ ስሙን የምናየው ሜርስክ በዚያ ጥቃት ምክንያት 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና ለመጫን መገደዱን የቦርድ ሰብሳቢው በ2018 በይፋ ተናግረዋል።

«ማስተካከያው ከተጫነ ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ማስተካከያው የዘጋው የታወቀውን ቀዳዳ ነው። ፕሮቶኮሉ ራሱ ግን በኋላ የመጡት እትሞች ያላቸው ጥበቃ የለውም፤ በኤስኤምቢ 3 የመጣው ምስጠራ በእርሱ ላይ የለም፣ ፋይሉ በመንገድ ላይ አለመለወጡን የሚያረጋግጥበት ዘዴም የደከመ ነው። ከዚህም በላይ ሁለት ማሽኖች ኤስኤምቢ ሲጀምሩ በየትኛው እትም እንደሚነጋገሩ ይደራደራሉ፤ ደንበኛው፣ ማለትም ፋይል ለመላክ ወይም ለመውሰድ የሚጠይቀው ማሽን፣ የሚያውቃቸውን ይዘረዝራል፣ ሰርቨሩ ከሁለቱ የጋራ እትሞች ከፍተኛውን ይመርጣል። አሮጌውን እትም የሚቀበሉ ከሆነ፣ በመካከል የገባ ሰው ከዝርዝሩ አዲሶቹን አውጥቶ ሁለቱን ወደ አሮጌው ሊያወርዳቸው ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ኤስኤምቢ 1ን መክፈት ለስካነሩ ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ሆኖ አይቀርም። በር ለአንድ እንግዳ ተብሎ ሲከፈት ለሚያልፈው ሁሉ ነው የሚከፈተው።

ከዚራ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የገጠመውን ላንሳ። እዚያ የሆነው በብዙ ቦታ የሚሆነው ነው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል፤ የክፍያ ሰነዶች ሁሉ ስካን ተደርገው ሰርቨሩ ላይ መግባት አለባቸው። አሮጌው ሰርቨር በአዲስ ሲተካ ኤስኤምቢ 1ን ብቻ የሚያውቀው ፎቶ ኮፒ ማሽን መላክ አቃተው። የተጠራው ባለሙያ የዊንዶውስ ተጨማሪ ክፍሎች ዝርዝር ከፍቶ ኤስኤምቢ 1 የሚለውን ሲያገኝ በሥሩ ሦስት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ የደንበኛ፣ አንዱ የሰርቨር፣ አንዱ ደግሞ ጥቅም ላይ ካልዋለ ራሱን እንዲያነሳ የሚያደርግ። የሚያስፈልገው የሰርቨሩ ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን የመጨረሻውን ትቶ ሁለቱን መረጠ፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳ፣ ስካኑ ሠራ፣ ተመስግኖ ሄደ። በማሽኑ የአድራሻ መዝገብ ውስጥ ገብቼ ስመለከት ደግሞ ማሽኑ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት አካውንት የሰርቨሩ የአስተዳዳሪ አካውንት ነው። በኮሪደር ላይ የቆመ፣ ማንም የሚነካው ፎቶ ኮፒ ማሽን የቤቱን ሁሉ ቁልፍ በሆዱ ይዞ ነበር።

ባለሙያውን መውቀስ አይቀናኝም። በሰኔ ወር ሒሳብ ሹሟ ከጎኑ ቆማ፣ ባለጉዳይ በኮሪደር ተሰልፎ፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ ሳይታወቅ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን የሚሠራ መንገድ ይይዛል። ማሽኑን መቀየርም ቀላል አይደለም። በከተማችን ከሚሠሩት ትልልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ብዙዎቹ ሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው፤ ወረቀት ለማባዛት ገና ብዙ ዓመት የሚችል ማሽን ፕሮቶኮሉ ስላረጀ ብቻ ጣሉት ማለት በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ዕቃ ቀላል ምክር አይሆንም። አምራቾችም ድርሻ አላቸው። ለአንዳንድ ማሽኖች ኤስኤምቢ 2ን የሚጨምር ማሻሻያ ወጥቷል፣ ለብዙዎቹ ግን አልወጣም፤ ሰውነቱ ጤነኛ የሆነ ማሽን በውስጡ ባለው ትንሽ ፕሮግራም ምክንያት ያለ ዕድሜው አርጅቷል።

ይህን ሁሉ ተቀብዬም ቢሆን መደምደሚያው «ስለዚህ ሰርቨሩን እንክፈተው» ሊሆን አይገባም እላለሁ። የሐረር ጀጎል ግንብ በሮቹ ማታ ማታ በሚዘጉበት ዘመንም ከግንቡ ሥር ለጅብ የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩት። ጅቡ በቀዳዳው ገብቶ የከተማውን ጥራጊ ይበላል፤ ለእርሱ ሲባል ግን የግንቡ በር ክፍቱን አላደረም። ለአሮጌው ስካነር የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለ በልኩ የተሠራ መግቢያ ነው።

በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳ፤ ምክንያቱም «ለየው» ማለት ቀላል ሲሆን አለያየቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማንም ከማይፈልጋቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይገጠምለትና ሊኑክስና ሳምባ ይጫንበታል። በአንዱ ካርድ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋር በቀጥታ ኬብል ይገናኛል፣ በሌላው የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ከሚያገናኘው ሣጥን፣ ከስዊቹ፣ ጋር። ሳምባው በማሽኑ በኩል ባለው ካርድ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ይደረግና እዚያ ብቻ ኤስኤምቢ 1 ይፈቀድለታል፤ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ምንም ነገር በቀጥታ እንዳያልፍ ይዘጋል። የሚቀበለው ፎልደር አንድ ነው፤ የሚጠቀምበት አካውንት ሌላ ቦታ የማይሠራ ነው። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ዋናው ሰርቨር ራሱ መጥቶ አዲስ የገባውን ሰነድ በተመሰጠረ መንገድ ይወስዳል። አቅጣጫው ወሳኝ ነው፤ ትንሹ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ እንዲልክ ከተደረገ የሰርቨሩን ፓስወርድ መያዝ ይኖርበታል፣ እርሱ ሲጠቃም ፓስወርዱ አብሮ ይሄዳል። ሰርቨሩ የሚወስድ ከሆነ ግን ትንሹ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ ሰው የሚያገኘው የአምስት ደቂቃ ስካን ብቻ ነው። ማሽኑ ፕሪንተርም ከሆነ የሕትመቱ ሥራ በዚሁ ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፍ መደረግ አለበት፤ ይህ ከተረሳ በሳምንቱ አንድ ሰው ኬብሉን ነቅሎ ወደ ስዊቹ መልሶ ይሰካዋልና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን መዘጋት ያለበትን በር ማን ማን እንደሚጠቀምበት ማወቅ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ ሰርቨር በኤስኤምቢ 1 የሚመጣውን ሁሉ እንዲመዘግብ ማዘዝ ይቻላል፤ በመዝገቡ ላይ ቁጥር 3000 ሆኖ የደንበኛው አድራሻ ይጻፋል። ሳምባ ላይ ደግሞ ኤስኤምቢስታተስ የሚባለው ትዕዛዝ እያንዳንዱ ተገናኝ በየትኛው እትም እንደሚነጋገር ያሳያል። ምዝገባው ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር መቆየት አለበት የምለው የመሥሪያ ቤት ሥራ በወር ስለሚዞር ነው። በከዚራው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የታየው የፎቶ ኮፒ ማሽኑ አድራሻ ብቻ ነበር። በ28ኛው ቀን ማንም የማያውቀው ሌላ አድራሻ ብቅ አለ። ኬብሉን ተከትለን ስንሄድ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ከወረቀት ካርቶን ጀርባ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የጫነ ኮምፒውተር አገኘን፤ ዕቃ ግምጃ ቤቷ በወሩ መጨረሻ የቀሪ ዕቃ ዝርዝር ለማስገባት ብቻ የምትከፍተው ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ሲሆን፣ ኤክስፒ ከኤስኤምቢ 1 በቀር ሌላ አያውቅም። በሁለተኛው ሳምንት ቸኩለን ዘግተን ቢሆን ኖሮ የወሩ መጨረሻ ላይ «ሲስተም የለም» ይባልና በሩ ተመልሶ ይከፈት ነበር።

የመጠን ገደቡንም በዚሁ መንፈስ መፈተሽ ይቻላል፤ ሥራውም ያጠረ ነው። 5 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ወይም ሌላ እውነተኛ ፋይል ወደ ሰርቨሩ መላክ፣ ከሰርቨሩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሶ ማውረድ፣ ከዚያ የሁለቱን ፋይሎች የሃሽ ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) ማነጻጸር። ቁጥሩ ከተመሳሰለ በመንገዱ ላይ የ4 ጊጋባይት ግድግዳ የለም ማለት ነው። ባክአፕ የሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ በዚህ መንገድ ሊፈተሽ ይገባዋል፤ የባክአፕ ፋይሎቹን መጠን በወር አንድ ጊዜ በዓይን ማየትም ይጠቅማል። በየቀኑ የሚያድግ መዝገብ ባክአፑ በድንገት ማደግ ካቆመ፣ ያውም 2 ወይም 4 ጊጋባይት ላይ፣ በዚያው ቀን መጠየቅ ነው።

ገዢዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ የካሜራ መቅረጫ ወይም ኔትወርክ ላይ የሚሰካ ዲስክ ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ላይ ስንት ገጽ በደቂቃ እንደሚያትም ወይም ስንት ቴራባይት እንደሚይዝ ይጻፋል፤ ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 ይደግፋል ወይ የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። ጉዳዩ በኤስኤምቢ 1 ላይም አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም 24ኤች2 የኤስኤምቢ ግንኙነት ሁሉ ፊርማ እንዲኖረው ይጠይቃል፣ በፕሮ እትሙም ያለ ፓስወርድ በእንግድነት የሚገባበትን መንገድ ዘግቷል። ስለዚህ ኤስኤምቢ 2ን የሚያውቁ፣ ግን ፎልደራቸውን ለማንም ክፍት አድርገው የሚያቀርቡ ዲስኮችም በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ መከፈት ማቆም ጀምረዋል። ጥበቃውን ከኮምፒውተሩ ላይ ማጥፋት ይቻላል፤ አንዳንዶችም ያንኑ እያደረጉ ነው። ዲስኩ ላይ አካውንትና ፓስወርድ መፍጠር ግን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም።

በከዚራው መሥሪያ ቤት ኤስኤምቢ 1 ከዋናው ሰርቨር ላይ የተዘጋው አርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው። የግምጃ ቤቷ ኮምፒውተር ከአይሲቲ ክፍል በተገኘ ያገለገለ ግን ኤክስፒ ያልሆነ ኮምፒውተር ተተካ፤ ዝርዝሩ የሚጻፍበት ፋይል ተራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ስለነበር ለመዛወር አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በፎቶ ኮፒ ማሽኑ የአድራሻ መዝገብ ውስጥ የነበረው የአስተዳዳሪ አካውንት ተሰርዞ ፓስወርዱ ተቀየረ። ማሽኑ አሁን ሰነዱን የሚልከው ከሥሩ ባለ መደርደሪያ ላይ ወደተቀመጠው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ሒሳብ ሹሟ በእጅ ጽፋ የለጠፈችው ወረቀት አለ፦ «ከስዊቹ ጋር በቀጥታ አይገናኝ። ማሽኑ በሚቀጥለው በጀት ሲቀየር ይነሳል።» ከሥሩ ቀኑና ፊርማዋ አለ።